የእማዬ ጠላ አላረረም

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ይሄን አንብቢው፣ ስለ እናንተ አገር ነው» ብላ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ርዕሱ «ጥቁር ጠላና ጥቁር ቢራ አይገናኙም» ይላል። ጸሐፊው የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ለሥራ ወደ ጎጃም መጥተው ደብረ ማርቆስ ሁለት ሌሊት አድረዋል። አንድ ማታ ጠላ ቤት ገብተው ጥቁር ጠላ ቀምሰዋል። ከዚያም ውጭ አገር ሳሉ ከለመዱት ስታውት ከሚባለው ጥቁር ቢራ ጋር አነጻጽረው ስድስት ነጥብ ጽፈዋል። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። ጠላው የጠቆረው እህሉ ስላረረ ነው። የጭስ ሽታው ከእንስራው ጉድለት የመጣ ነው። ጎምዛዛነቱ የመበላሸት ምልክት ነው። አረፋ የለውም። ጥቁር ስለሆነ ኃይለኛ ነው። በመጨረሻም ጠላን እንደ ቢራ በዝርዝር ማጣጣም አይቻልም፣ የምንገልጽበት ቃልም የለንም።

ጽሑፉ በጨዋነት የተጻፈ ነው። ስድብ የለበትም። እኔም በጨዋነት ነው የምመልሰው። ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም። እማዬ እኔንና ሦስት ወንድሞቼን ያሳደገችን ጠላ እየጠመቀች ነው። ደብተራችን፣ ጫማችን፣ የወንድሜ የመነጽር ዋጋ፣ ሁሉም የወጣው ከዚያ ጋን ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበር ላይ የሚቀበለኝ የሚታመስ ገብስ ሽታ ነበር። ያ ሽታ «ያረረ እህል» ሲባል ሳነብ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠብኝ።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ። ትልቁ እሱ ነው።

መጥቆርና ማረር አንድ አይደሉም። ቡና የቆላ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እማዬ ገብስ ስታምስ ወሬ አትወድም። ጎረቤት ቢመጣ እንኳ በእጇ «ቁጭ በሉ» ብላ ታሳያለች እንጂ ዓይኗን ከምጣዱ አታነሳም። ገብሱ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጣ ነው፤ በገበያ ቀን ራሷ በመዳፏ አፍሳ፣ አሽታ፣ ነክሳ ነው የምትገዛው። ምጣዱ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ እርጥበቱ ይወጣል፤ ሽታው የጭድ ነው። ቀጥሎ የቆሎ ሽታ ይመጣል። እዚያ ላይ ብታቆመው ለቡና ቁርስ ይሆናል፣ ለጠላ ግን አይበቃም። ትንሽ ቆይቶ የዳቦ ቅርፊት ይሸታል። ከዚያ በኋላ ነው ቡና ቡና ማለት የሚጀምረው። እዚህ ጋ ሲደርስ እማዬ አንድ ፍሬ አንስታ ለሁለት ትነክሰዋለች። ልቡ እንደ ቀረፋ ቡናማ ከሆነ ደርሷል። ልቡ ከሰል ከሆነ አልፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ቀድቶ ከማቅረብ አይበልጥም።

ከእሳት ሲወርድም ሥራው አያልቅም። ወዲያው ሰፌድ ላይ ትገለብጠውና ትበትነዋለች። ምጣዱ ላይ ከተተወ እህሉ በራሱ ሙቀት መታመሱን ይቀጥላል። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ይህን ረስቼ ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ቁና ገብስ ከሰል ሆኖ ነበር። እማዬ አልተቆጣችኝም። ግን አንድም ፍሬ ወደ ጋኑ አልገባም። ሁሉም ተደፋ። በዚያ ሳምንት ጠላ አልሸጥንም። አንድ ሳምንት ያለ ገቢ ማለት ለእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ «ጠላ ጠማቂ ያረረውን እህል ትጨምራለች» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያን ቀን አስታውሳለሁ።

ይህ የታመሰና የተፈጨ ገብስ አሻሮ ይባላል። ልብ በሉ፣ ያልበቀለ ገብስ ነው። አሁን ጸሐፊው ወደሚያደንቁት ስታውት እንሂድ። የዛሬውን የአየርላንድ ስታውት ጥቁር የሚያደርገውና የቡና ጣዕም የሚሰጠው ምንድን ነው? ያልበቀለ፣ የታመሰ ገብስ ነው። አሻሮ ማለት ነው። እንግሊዞች ጥቁር ቢራቸውን በደንብ ማጥቆር የቻሉት በ1817 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ዊለር የሚባል ሰው ብቅልን እንደ ቡና እያዞረ የሚያምስ በርሜል ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ካወጣ በኋላ ነው። እዚያም ከ200 ዲግሪ በላይ ይታመሳል። እዚያም በትክክለኛው ሰዓት ካልተቋረጠ ከሰል ይሆናል። ለማቆም ውሃ ይረጩበት ነበር። እማዬ ሰፌድ ላይ የምትበትነው በዚሁ ምክንያት ነው። ያልበቀለ ገብስ ደግሞ በብሪታንያ በሕግ የተፈቀደው በ1880 እ.ኤ.አ. የቢራ ግብሩ ሥርዓት ሲቀየር ነው። እኛ ጋ ማንም አልከለከለውም።

ጠላውን ይበልጥ የሚያጠቁረው ግን እንኩሮው ነው። የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ዱቄት በውሃ ይታሻል፤ ከዚያ ምጣድ ላይ እየተፈረፈረ ይታመሳል። እኛ ቤት ዳጉሳ ነው። ዳጉሳ ከመጀመሪያውም ጠይም ነው፣ እሳት ሲነካው ቶሎ ይጠቁራል። ብቅሉ ግን አይታመስም። ብቅል በኃይለኛ እሳት ከተመታ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ነገር ይሞታል፤ ያለ እሱ ደግሞ ጠላው አይፈላም። ስታውት ጠማቂዎችም ልክ እንዲሁ ያደርጋሉ። አብዛኛው እህላቸው ነጣ ያለ ብቅል ነው፣ የታመሰው ጥቂት እጅ ብቻ።

እውነቱን ለመናገር የሚያሳርሩ ቤቶች አሉ። የደከመ እህል ገዝተው ጥቁረቱ እንዲሸፍንላቸው የሚፈልጉም አሉ። እንዲህ ያለው ጠላ አመድ አመድ ይላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ውሃ ቢጠጡበትም አይሄድም። ጸሐፊው የቀመሱት እንዲህ ያለውን ከሆነ ቅር መሰኘታቸው ትክክል ነው። ስህተቱ ከአንድ ጣሳ ተነስተው ስለ ጎጃም ጥቁር ጠላ በሙሉ መፍረዳቸው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ጭሱ ነው። «እንስራው በደንብ ስላልታጠበ ጭስ ጭስ ይላል» ብለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ጭሱ የመታጠቡ ማስረጃ ነው። ጋኑ መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከዚያ የወይራ እንጨት ፍም ላይ ይደፋል። ጭሱ ገብቶ ሸክላው ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ለሽታ ብቻ አይደለም፣ ጠላውን የሚያበላሹ ነገሮች እንዳይራቡ ይረዳል። ጭስ በቢራ ውስጥ ጉድለት ነው ከተባለ ደግሞ የጀርመኗ ባምበርግ ከተማ ሰዎች ምን ይበሉ? እዚያ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ የከተማዋ መታወቂያ ነው። የስታውት አያት የሚባለው የለንደኑ ፖርተርም በመጀመሪያ ዘመኑ በእንጨት እሳት ከደረቀ ቡናማ ብቅል ነበር የሚጠመቀው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ቃላት ተደበላልቀዋል። ጎምዛዛ አለ፣ ኮምጣጣ አለ። ጠላ ሲፈላ እርሾ ብቻውን አይሠራም። እርጎን የሚያረጋው ዓይነት ባክቴሪያም አብሮ አለ። እሱ ለስለስ ያለ፣ ምራቅ የሚያመጣ ጉምዘዛ ይሰጣል። ይህ የጠላ ጠባይ ነው። ጠላ ከዚህ ጋር ነው የሚወለደው። ኮምጣጣው ግን ሌላ ነው። ጋኑ ተከፍቶ አየር ሲያገኝ የሚመጣ ነው፤ ጊዜ ከተሰጠው ኮምጣጤ ይሆናል። እማዬ ድፍድፉን በውሃ ከበጠበጠች በኋላ የጋኑን አፍ በጭቃ የምትመርገው ለዚህ ነው። ከተከፈተ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ጉምዘዛው ይከራል። ያኔ እኛም «ከረረ» እንላለን፣ ደንበኛም ዋጋ ይከራከራል።

ጸሐፊው የገቡት እሑድ ማታ እንደሆነ ጽሑፋቸው ላይ አለ። የደብረ ማርቆስ የገበያ ቀን ቅዳሜ ነው። ብዙ ጠላ ቤት ጋኑን የሚከፍተው ለገበያ ቀን ነው። ስለዚህ የቀረበላቸው ምናልባት ሲቀዳለት የዋለና ያደረ፣ ወደ ታች የወረደ ጠላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ «መቼ ነው የተከፈተው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ማንኛዋም ጠማቂ በእውነት ትመልሳለች።

አረፋውን በአጭሩ ልለፈው። ጋን እንደ ጠርሙስ አይታሸግም፣ ግፊት አይዝም። የአየርላንዱ ስታውት ክሬም የመሰለ አረፋ ከእህሉ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ናይትሮጅን ተጨምሮበት ነው። ጣሳው ውስጥ ስትቀዱት የምትንኳኳው ትንሽ የፕላስቲክ ኳስ ለዚሁ የተሠራች ናት።

«ጥቁር ስለሆነ ኃይለኛ ነው» የሚለውም ረጅም መልስ አይፈልግም። ቀለም የሚመጣው ከእሳት ነው፣ አልኮል የሚመጣው ከስኳር። ጥቁሩ የአየርላንድ ስታውት፣ ጊነስ ድራፍት የሚባለው፣ 4.2 በመቶ ነው። ወርቃማው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ 4.5 በመቶ። ተራ ጠላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ባለው ውስጥ ነው፤ ፊልተር የሚባለው ወፍራሙ 5 እና 6 ይደርሳል። ያ ደግሞ ውሃው ስላነሰ ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ነጥብ እንምጣ። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝም እሱ ነው። «ጠላን ማጣጣም አይቻልም፣ ቃሉ የለንም።»

ቃሉ አለን። ጠላ ቤት አግዳሚ ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ይሰማዋል። ጠላ ሳይጣራ ሲቀርብ ጉሽ ነው። ሲጣራ የጠለለ ነው። ድፍድፉ ላይ ሁለተኛ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪ ነው። ይህ ዓይነቱ ነው። ጠባዩን ደግሞ ስሙ። ወፍራም ነው፣ አፍ ይሞላል። ቀጠን ብሏል፣ ውሃ በዝቶበታል። ገር ነው። ከሯል። ምላስ ይይዛል። ጉሮሮ ይከረክራል። ጥም ይቆርጣል። ሆድ ይነፋል። ጌሾው በዝቷል። ጥንስሱ አልደረሰም። እንኩሮው ቀድሟል። «እንኩሮው ቀድሟል» ማለት ከሁሉ በፊት ምላስ የሚያገኘው የታመሰው ጣዕም ነው፣ ሌላው ከኋላ ነው የሚመጣው ማለት ነው። አንድ የሠፈራችን አናጺ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። አንድ ጉንጭ ጠጥተው «ዛሬ ጌሾ ቅጠሉ የአዲስ ነው፣ እንጨቱ የዱሮ ነው» ይሉ ነበር። እማዬ ደንግጣ ታያቸው ነበር። ልክ ነበሩዋ!

ይህን በጆሮዬ ብቻ አላመንኩም። ባለፈው ጥምቀት ማግስት ከውጭ የመጣ ዘመዳችን ሁለት ጣሳ ጊነስ ይዞ መጣ። እማዬ ደግሞ ጋኗን ከከፈተች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ሁለቱን በንጹሕ የሻይ ብርጭቆ ቀዳሁና ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳቸው።

መልካቸው ይለያያል። ጊነሱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ነው፣ ብርሃን ሲያልፍበት ግን ጠርዙ ቀይ ሆነ፣ የሮማን ፍሬ ዓይነት ቀይ። ጠላው ብርሃን አያሳልፍም። ከላይ የጀበና ቡና መልክ አለው፣ ከታች ደግሞ ዝቃጩ ሲቀመጥ የተፈጨ ኮሶ የመሰለ ጠይም መስመር ሠራ።

ሽታቸው ላይ ተቀራረቡ። በሁለቱም መጀመሪያ የሚመጣው የታመሰ ገብስ ነው። ጊነሱ እዚያው ላይ ቆመ፤ ቡና፣ ትንሽ የዳቦ ቅርፊት፣ አለቀ። ጠላው ቀጠለ። ከገብሱ በኋላ የወይራው ጭስ መጣ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል ሽታ። ያ ጌሾው ነው። ከሥር የእርጎ ዓይነት ለስላሳ ሽታ አለ።

ወደ ጣዕሙ ስመጣ፦ ጊነሱ ቀላል ነው። ሰው ጥቁር ሲያይ ከባድ ይመስለዋል፣ አፍ ውስጥ ግን እንደ ሐር ነው የሚሄደው። ምሬቱ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፣ መጨረሻው ደረቅ ነው። ወደድኩት። ለምን እንደሚወደድም ገባኝ። ጠላው በምላስ ጫፍ ላይ ጉምዘዛ ነው፣ መሐል ላይ የተቆላ ዳጉሳ፣ ትንሽም ጣፋጭነት አለው። ከተዋጠ በኋላ ደግሞ የጌሾው ምሬት ቀስ ብሎ ከጉሮሮ ሥር ይነሳል። ተነስቶም ይቆያል። ጠላው ካለቀ በኋላ እኔ ሻይ አፍልቼ ስመለስ ገና ነበረ።

ለእማዬ ጊነሱን ሰጠኋት። በሕይወቷ ቀምሳው አታውቅም። አንድ ጉንጭ አለችና አፏ ውስጥ አቆየችው። «ገብሱን ያመሰው ሰው እጁ ጥሩ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታ «ጌሾው ግን የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። በጌሾ ፋንታ ሆፕስ የሚባል አበባ እንደሚያስገቡ ነገርኳት። ሥራቸው ያው ነው፤ ሁለቱም ምሬት ይሰጣሉ፣ ሁለቱም መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳሉ። «ታዲያ አይቆይም» አለች። ምሬቱን ነው። እኔ በአምስት መስመር የጻፍኩትን ልዩነት በሁለት ቃል ጨረሰችው። ይህች ሴት ማጣጣም አትችልም፣ ቃል የላትም የሚለኝ ማን ነው?

«አይገናኙም» ለሚለው ርዕስም አንድ ነገር ልጨምር። ቢራ በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላል። ላገር በቅዝቃዜ፣ ከታች በሚሠራ እርሾ ቀስ ብሎ የሚፈላ ነው። ፋብሪካዎቻችን የሚያወጡት በብዛት ይህ ነው። ኤል ደግሞ ሞቅ ባለ አየር፣ ወደ ላይ በሚንሳፈፍ እርሾ ቶሎ የሚፈላ ነው። ስታውት ከኤል ወገን ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የቤታችን ጓዳ አየር ክረምት ከበጋ መካከለኛ ነው፤ አይቀዘቅዝም፣ አይሞቅም። ጠላ እዚያ በጥቂት ቀን ይፈላል። ስለዚህ ጥቁር ጠላን ከስታውት ጎን ቢያስቀምጡት አያፍርም። ከወርቃማው ላገር ጋር ቢያነጻጽሩት ነበር ነገሩ የማይገጥመው። ከአገራችንም ሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም የሚል ስታውት አውጥቶ ነበር። እሱን የቀመሰ የጎጃም ሰው የታመሰው ገብስ እንግዳ አይሆንበትም።

ጸሐፊው ሲጨርሱ አንድ ምክር ሰጥተዋል። «አሻሮው ቢቀንስ፣ ጭሱ ቢቀር፣ ለእንግዳ ይመቻል» ይላሉ። በቅንነት ያሉት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ይህ ስታውት ጠማቂን «ገብሱን አታምሰው» እንደ ማለት ነው። ነጣ ያለ ጠላ የሚፈልግ ሰው ያገኛል፤ ከእህል ዓይነትና ከእሳት መጠን ጋር የሚለዋወጥ ብዙ ዓይነት ጠላ አለ። ጥቁሩ ግን ጥቁር ሆኖ ይቆይ።

ወንድሜ፣ እንደገና ወደ ጎጃም መምጣትዎ አይቀርም። ሲመጡ ማታ ሳይሆን ጠዋት ይምጡ። እማዬ የምታምሰው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ጓዳው በር ላይ በርጩማ አለ፣ እዚያ ይቀመጡ። ምንም አትናገርዎትም፣ ቅር አይበልዎት። ገብሱ ቡና ቡና ማለት ሲጀምር ሁለት ፍሬ አንስታ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለእርስዎ መዳፍ ላይ ታደርጋለች። ትኩስ ነው፣ ትንሽ እፍ ይበሉበት። ከዚያ ለሁለት ነክሰው ልቡን ይዩት።